ሰሌዳውን አንብቦ የሚጨርሰው ልጅ
ስለ ሃይፐሮፒያና በእይታ ላይ ስለሚያስከትለው ችግር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በትምህርት ቤት የእይታ ምርመራ በሚደረግበት ዕለት ከሁሉ ቀድሞ ተመርምሮ የሚያልፍ አንድ ዓይነት ልጅ አለ። በስድስት ሜትር ርቀት ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፊት ይቆማል፤ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፤ የ«ኢ» ምልክቱ እግሮች ወዴት እንደዞሩ ከላይኛው ትልቅ መስመር ጀምሮ እስከ ታችኛው ጥቃቅን መስመር ድረስ ሳይሳሳት በእጁ ያመለክታል። መርማሪው በመዝገቡ ላይ «6/6፣ ደህና» ብሎ ይጽፋል፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይኸው ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ሳለ ዓይኑን ሲያሽ፣ ግንባሩን ሲይዝ፣ መስመር ሲዘል፣ በመጨረሻም መጽሐፉን አጥፎ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ይገኛል። መምህሩ ስለ ልጁ ቢጠየቅ «አእምሮስ አያንሰውም፤ ንባብ ላይ ግን ሰነፍ ነው» ይላል።

የዚህ ንግግር መነሻ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው «ደህና» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ልጁ ሰሌዳውን በእርግጥ አይቷል። መዝገቡ የማይናገረው ግን በምን ያህል ድካም እንዳየው ነው።

በአማርኛ «አርቆ የሚያይ» ሲባል ምስጋና ነው። ነገሩ ሳይደርስ የሚያስተውል፣ ለልጅ ልጁ የሚያስብ ሰው አርቆ አሳቢ ይባላል። ሃይፐሮፒያ የሚለውን የሕክምና ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲሞከር ይኸው የምስጋና ቃል ስለሚወሰድ፣ ችግሩ ገና ከስሙ ጀምሮ ችግር መስሎ አይታይም። ሰሚው ሩቁን አጥርቶ የሚያይና ቅርቡ ብቻ የሚያስቸግረው ሰው ይታየዋል። ይህ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ከፍ ያለ ሃይፐሮፒያ ያለበት ሰው ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ አያይም፤ መጠነኛ ሃይፐሮፒያ ያለበት ልጅ ግን፣ ዋጋ እየከፈለም ቢሆን፣ ሁለቱንም ያያል። በዚህ ምክንያት በዚህ ንግግር ውስጥ የሙያው ቃል እንዳለ ተይዟል።

የሰው ዓይን ብርሃንን የሚሰበስበው በሁለት ክፍሎች ነው። አንደኛው ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የእርሱ ነው። ሁለተኛው ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው ሌንስ ነው። ሁለቱ ተባብረው ወደ 60 ዳዮፕትር የሚጠጋ ኃይል አላቸው፤ የጎልማሳ ሰው ዓይን ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ኃይሉና ርዝመቱ ሲስማሙ ከሩቅ የመጣ ብርሃን በሬቲና ላይ በትክክል ያርፋል። ዓይኑ ከኃይሉ ጋር ሲመዛዘን ያጠረ እንደሆነ ግን ብርሃኑ ተሰብስቦ ሳያበቃ ሬቲናው ላይ ይደርሳል፤ የሚሰበሰብበት ነጥብ ከሬቲናው በስተኋላ ይሆናል። ሃይፐሮፒያ ማለት ይኸው ነው። አልፎ አልፎ መንስኤው የኮርኒያ ጠፍጣፋነት ወይም የሌንሱ አለመኖር ሊሆን ቢችልም፣ በብዙዎቹ ዘንድ ግን ምክንያቱ የዓይኑ ማጠር ነው። ዓይን በአንድ ሚሊሜትር ብታጥር ወደ 3 ዳዮፕትር የሚጠጋ ጉድለት ይከተላል። አንድ ሚሊሜትር ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት እምብዛም አትለይም።

ተፈጥሮ ለዚህ ጉድለት ማካካሻ ሰጥታለች። በሌንሱ ዙሪያ ሲሊያሪ የተባለ ቀለበት መሰል ጡንቻ አለ፤ ሌንሱም በቀጫጭን ክሮች ከእርሱ ጋር ተያይዟል። ጡንቻው ሲኮማተር ቀለበቱ ይጠብባል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ሌንሱም በራሱ ልስላሴ ድቡልቡል ስለሚል ኃይሉ ይጨምራል። ጡንቻው ሲፈታ ክሮቹ ይወጠራሉ፤ ሌንሱም ይሳሳል። ርቀትን የማስተካከል ችሎታ ከሌንሱ የሚመነጭ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 አሳየ፤ አሠራሩን ደግሞ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1855 አስረዳ። ጤናማ ዓይን ይህን ጡንቻ የሚያሠራው ቅርብ ያለውን ለማየት ብቻ ነው። ሩቅ በሚመለከትበት ጊዜ ያርፋል። ሃይፐሮፒያ ያለበት ዓይን ግን ሩቅ ሲያይም ይሠራል፤ ቅርብ ሲያይ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨምራል። ከእንቅልፍ በቀር ዕረፍት የለውም።

ነገሩ በቁጥር ሲቀመጥ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። መጽሐፍን በ33 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይዞ ለማንበብ 3 ዳዮፕትር ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። የ10 ዓመት ልጅ ሌንስ በአማካይ ከ12 ዳዮፕትር በላይ ሊጨምር ስለሚችል፣ ጤናማው ልጅ የሚያወጣው ካለው ሩብ ያህሉን ነው። አሁን የ4 ዳዮፕትር ሃይፐሮፒያ ያለበትን ጓደኛውን መመልከት ነው። ሰሌዳውን በስድስት ሜትር ለማየት 4 ዳዮፕትር ያወጣል፤ ያለው ከ12 በላይ ስለሆነ አያንሰውም፤ ታችኛውን መስመር አንብቦ ያልፋል። ለንባብ ሲቀመጥ ግን 4 እና 3 ተደምሮ 7 ዳዮፕትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ካለው ኃይል ከግማሽ በላይ ነው። የዓይን ባለሙያዎች ከቆየ ልምድ እንደሚሉት፣ ሰው ለረጅም ጊዜ ያለ ድካም ሊሠራ የሚችለው ካለው ኃይል ግማሽ ያህሉ በመጠባበቂያነት ሲቀርለት ነው። የሞላ እንስራን ከመሬት አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ እንስራ ከወንዝ እስከ ቤት ዳገት ተሸክሞ መውጣት ግን ሌላ ነው። የግድግዳው ሰሌዳ የሚጠይቀው እንስራውን ማንሣት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ዳገቱን ያስወጣል፤ ያውም በየቀኑ።

ይህ ልዩነት ለመታወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ጎበጥ ያለ መነጽር ሽማግሌዎችንም ሆነ አንዳንድ ወጣቶችን ስለሚረዳ፣ ሁለቱ ችግሮች ለዘመናት እንደ አንድ ሲቆጠሩ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ጄምስ ዌር እ.ኤ.አ. በ1813 እንዲህ ያለ መነጽር የሚሹ ወጣቶች መኖራቸውን ጽፎ ነበር፤ ሆኖም ነገሩ ተደላድሎ የተቀመጠው በዩትሬክት ከተማ ያስተምር የነበረው የሆላንድ ሐኪም ፍራንስ ኮርኔሊስ ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1864 ታላቅ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ነው። ዶንደርስ በዕድሜ ምክንያት የሚመጣውን የሌንስ መድረቅና ከተፈጥሮ የሚገኘውን የዓይን ማጠር ለያየ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሐኪሞች በንባብ የሚደክመውን ወጣት የዓይኑ ነርቭ ደካማ ነው እያሉ የሽማግሌ መነጽር ይከለክሉት ነበር፤ መጽሐፉን ትቶ የደጅ ሥራ እንዲፈልግ የሚመክሩም ነበሩ። መድኃኒቱ ሁለት ጎባጣ መስታወቶች መሆናቸው እየታወቀ አንድ ተማሪ ከትምህርት ገበታ የሚነሣበት ሁኔታ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ልዩነቱ ዛሬ ምክሩን የሚሰጠው ሐኪም አለመሆኑ ነው፤ ልጁ ራሱ ተሰላችቶ ይወጣል። ሌላው የሚያስገርመው ነገር ደግሞ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰቀለው ሰሌዳ አባት የሆነው ኸርማን ስኔለን የዚያው የዶንደርስ ባልደረባ የነበረ መሆኑ ነው። ሰሌዳውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ሰሌዳውና ሰሌዳው ሊይዘው የማይችለው ችግር ከአንድ ከተማ፣ ከሁለት ወዳጆች እጅ ወጥተዋል።

ወደ ልጆቹ እንመለስ ቢባል፣ በመጀመሪያ መነገር ያለበት ሃይፐሮፒያ ሁሉ በሽታ አለመሆኑ ነው። የአራስ ልጅ ዓይን ርዝመት ከ16 እስከ 17 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ሕፃናትም ወደ 2 ዳዮፕትር በሚጠጋ ሃይፐሮፒያ ይወለዳሉ። ዓይኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያድግ ጉድለቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ የአራት ዓመት ልጅ ላይ 1 ወይም 2 ዳዮፕትር ተገኘ ተብሎ፣ ልጁ ምንም ሳይሆን፣ ዓይኑም ሳይንሸዋረር፣ መነጽር ማሸከም ባለሙያን አያስመሰግንም፤ ለወላጅም ከንቱ ወጪ ነው። አሳሳቢዎቹ በዚያ ዕድሜ ከ3 እና ከ4 ዳዮፕትር በላይ ይዘው የቀሩት፣ እንዲሁም በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል የአንድ ዳዮፕትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ያላቸው ናቸው።

እነዚህ ልጆች ሲያጉረመርሙ እምብዛም አይሰሙም። ዓለምን ከሌላ ዓይን ጋር አነጻጽረው ስለማያውቁ፣ ፊደል ለሁሉም ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚደበዝዝ ይመስላቸዋል። ከሰዓት በኋላ የሚብስ የግንባር ሕመም፣ የዓይን መቅላትና ማሳከክ፣ ንባብ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ፊደሎች መደበላለቃቸው፣ ከሁሉም በላይ ቅርብ ሥራን መሸሽ ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ ደግሞ የሌላ ነገር ምልክቶችም ናቸው፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅም ራሱን ያመዋል። ብልጥ ልጅ ችግሩን በጆሮው ይሸፍነዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ቃሉን ከባልንጀሮቹ ሰምቶ በቃሉ የያዘ ልጅ ጣቱን በፊደሉ ላይ እያስኬደ ሲያነበንብ፣ የኔታ ማንበቡን ከማስታወሱ ለመለየት ይቸግራቸዋል። በዘመናዊውም ትምህርት ቤት አንዱን መጽሐፍ ለሦስት በሚይዙበት ክፍል ውስጥ የሚያዳምጥና የሚያነብ ልጅ አይለይም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ስለሚያነብ ደግሞ የዓይኑን ነገር የሚጠራጠር አይኖርም።

ጉዳቱ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን መርምሮ፣ መነጽር ያላደረጉ ከ3 እስከ 6 ዳዮፕትር ሃይፐሮፒያ ያለባቸው ሕፃናት ፊደልና ጽሑፍን በማወቅ ፈተና ከእኩዮቻቸው ያነሰ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ጉድለታቸው 4 ዳዮፕትርና ከዚያ በላይ በሆነው፣ እንዲሁም የቅርብ እይታቸው ወይም የሁለት ዓይን ጥምረታቸው በተዳከመው ላይ ነው። ልጆቹ ገና መደበኛ ትምህርት አልጀመሩም ነበር። ወደ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ከወዲሁ ወደኋላ ቀርተው ነው ማለት ነው።

ከንባብ ድካም የከፋው ግን የዓይን መንሸዋረርና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው የእይታ መጥፋት ነው። ሲሊያሪ ጡንቻ ሲሠራ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ እንዲዞሩ የሚያደርግ ትእዛዝ አብሮ ይተላለፋል፤ ቅርብ ያለውን ነገር በሁለት ዓይን ለማየት ይህ አስፈላጊ ነው። ሃይፐሮፒያ ያለበት ሕፃን ሩቅ ለማየት ሲል ጡንቻውን አብዝቶ ባሠራ ቁጥር ዓይኖቹ ሳያስፈልግ ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ብዙዎቹ ይቋቋሙታል፤ አንዳንዶቹ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ አካባቢ፣ አንድ ዓይናቸው ወደ አፍንጫ መዞር ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታየው ሲደክማቸው፣ ሲያማቸው ወይም ትንሽ ነገር ትኩር ብለው ሲመለከቱ ነው። ኋላ ይጸናል። በዚህ ጊዜ አንጎል ከሁለት ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ምስሎች ስለሚደርሱት፣ ከግራ መጋባት ለመዳን የዞረውን ዓይን ምስል አይቀበለውም። እየቆየም ያ ዓይን፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ማየት ሳይማር ይቀራል። አምብሊዮፒያ የሚባለው ይህ ነው።

አምብሊዮፒያ ያለ መንሸዋረርም ይመጣል። አንዱ ዓይን 1 ዳዮፕትር፣ ሌላው 4 ዳዮፕትር ሃይፐሮፒያ ቢኖረው፣ ሁለቱ ጡንቻዎች የሚታዘዙት እኩል ስለሆነ አንጎል ቀላሉን ዓይን መርጦ ከባዱን ይተወዋል። ይህ ልጅ አይንሸዋረርም፤ አይጎዳም፤ አያማርርም። ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ሲመረመር ሰሌዳውን ይጨርሳል። መርማሪው ቸኩሎ ልጁ በጣቶቹ መካከል አጮልቆ ማየቱን ካላስተዋለ፣ አንድ ዓይን እንደሌለው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጎልምሶ፣ ደህናው ዓይኑ ሲጎዳ ነው። ልጅ ዓይኑን በመዳፉ እንዳይሸፍን፣ በወፍራም ካርቶን ወይም በመርማሪው እጅ እንዲሸፈንለት የሚደረገው ለዚህ ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው የወላጆች ቃል እዚህ ላይ ከባድ ኪሳራ ያስከትላል። የአፍንጫቸው መሠረት ሰፊ ስለሆነ ብቻ የሚንሸዋረሩ የሚመስሉ ሕፃናት መኖራቸው እውነት ነው፤ እነርሱ በእርግጥ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ነገር ግን የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በእናት ግምት አይለይም። በትንሽ ባትሪ ሁለቱ ብሌኖች ላይ የሚያርፈውን የብርሃን ነጥብ መመልከትና አንዱን ዓይን ሸፍኖ ሌላው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። በዚያው አጋጣሚ በብሌኑ ውስጥ የሚታየው ነጸብራቅ ቀይ መሆኑ ይረጋገጣል። ነጭ ሆኖ ከታየ ሞራ ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጥም፤ ልጁ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል።

አምብሊዮፒያ በጊዜው ከተደረሰበት ይድናል። በመጀመሪያ ትክክለኛው መነጽር ይሰጣል፤ በመነጽሩ ብቻ የሚሻሻሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ቀጥሎም ደህናው ዓይን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ይሸፈናል። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ልጅ በቀን 2 ሰዓት እንደሚበቃ በአሜሪካ በተደረጉ የሕክምና ሙከራዎች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሙከራ ደግሞ ከ7 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ በደህናው ዓይን አትሮፒን ጠብ ማድረግ ከመሸፈን የማያንስ ውጤት እንደሚሰጥ አሳየ። ከ7 ዓመት በኋላም ተስፋው ጨርሶ አይቆረጥም፤ ነገር ግን እየጠበበ ይሄዳል። አንደኛ ክፍል የሚደረግ ምርመራ ለብዙዎቹ የዘገየ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሕፃናት ለክትባት በሚመጡበት ጣቢያ ያለች ነርስ ከትምህርት ቤቱ መርማሪ ይልቅ የተሻለ ዕድል አላት።

አሁን ወደ ምርመራው አፈጻጸም። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005–2006) በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት፣ ደካማ እይታ ካላቸው ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ዘንድ ምክንያቱ በመነጽር ሊታረም የሚችል ጉድለት መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ጥናት የሚለካው የሩቅ እይታን ስለሆነ፣ ሰሌዳውን አንብቦ የሚጨርሰው ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ይህን ልጅ ለመያዝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የ+2 ዳዮፕትር ሌንስ የተገጠመለት አንድ መነጽር ይበቃል። ልጁ ሰሌዳውን ካነበበ በኋላ መነጽሩ ይደረግለትና እንደገና እንዲያነብ ይጠየቃል። ጤናማ ዓይን በዚህ መነጽር ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ ጥቃቅኑን መስመር ማንበብ ያቅተዋል። ሃይፐሮፒያ ያለበት ልጅ ግን መነጽሩ ድካሙን ስለሚረከብለት ያንኑ መስመር ያነባል፤ አንዳንዱም «ይህ ይሻላል» ይላል። እንግዲህ በዚህ ፈተና የሚወድቀው በደንብ ያነበበው ነው። ነገሩ ለአዲስ መርማሪ ግራ ስለሚያጋባ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ፈተናው ሁሉንም ልጅ አይዝም፤ ጡንቻው ከመጨማደድ ብዛት አልፈታ ያለው ልጅ በመነጽሩም ሊደበዝዝበት ይችላል። ስለዚህ የሚያማርር ወይም የሚንሸዋረር ልጅ በፈተናው ስላለፈ ብቻ አይሰናበትም።

እርግጠኛው መለኪያ ጡንቻውን በመድኃኒት አስፈትቶ በሬቲኖስኮፕ መመልከት ነው። ልጁ ምንም መመለስ አይጠበቅበትም፤ ብርሃኑ በብሌኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ይናገራል። ለዚህ የሚውሉት ሳይክሎፔንቶሌትና አትሮፒን ናቸው። ጠይም ወይም ጥቁር ዓይን መድኃኒቱን በቀለሙ ውስጥ ስለሚይዘው ሳይክሎፔንቶሌት በነጮች ዓይን ላይ እንደሚሠራው ፈጥኖ አይሠራም፤ ጠብታው ተደግሞ፣ ጊዜም ተሰጥቶት መጠበቅ አለበት። ብሌኑ ሰፋ ማለት ጡንቻው ተፈታ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ባለሙያ የ5 ዳዮፕትሩን ልጅ 2 ብሎ ጽፎ ይሰዳል።

በሚንሸዋረሩ ሕፃናት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የአትሮፒን ቅባት ሲሆን፣ ከምርመራው በፊት ለሦስት ቀናት ያህል በቤት ይደረጋል። እዚህ ላይ ወላጆችን በሚገባ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውና ሰውን የሚያስለፈልፈው አስተናግር የያዘው መርዝ ከአትሮፒን ወገን ነው፤ ይህን ማንሣት ለእናቲቱ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይገባታል። የታዘዘው መጠን ብቻ ይደረጋል፤ የዓይኑ ማእዘን በአፍንጫው በኩል ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጫን ይደረጋል፤ የፈሰሰው ይጠረጋል፤ እጅ ይታጠባል፤ ቱቦው ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጣል። የልጁ ፊት ቢቀላ፣ አፉ ቢደርቅ፣ ቢያተኩሰው ወይም ቢቀባጥር ቅባቱ ተቋርጦ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። አትሮፒን እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚቆይ ልጁ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጽሐፍ ማንበብ ይቸግረዋል፤ ፀሐይም ያስቸግረዋል። ለመምህሩ አንዲት ማስታወሻ መላክ ከአላስፈላጊ ቁጣ ታድነዋለች።

ስለ ጎልማሶች ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምንም እንኳ የነርሱ ነገር ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ቢሆን። የሌንሱ ልስላሴ ከልጅነት ጀምሮ ይቀንሳል፤ በ45 ዓመት ገደማ ቀሪው ኃይል ወደ 4 ዳዮፕትር ይወርዳል፤ በ60 ዓመት ከ1 ዳዮፕትር እምብዛም አይበልጥም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ ከምስር ላይ ጠጠር መልቀም፣ ዳዊት መድገም የሚያስቸግረው ያኔ ነው። ፕሬስባዮፒያ ይባላል፤ ለማንም አይቀርም። ተሰውሮ የኖረ ሃይፐሮፒያ ያለበት ሰው ግን ይህ ዕጣ ቀድሞ፣ አንዳንዴም ገና በ35 ዓመቱ፣ ይደርስበታል። በወጣትነቱ ማዶ ያለውን ከብት ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ይለይ ነበረና በዓይኑ የሚኮራ ሰው ነው፤ በመጀመሪያ ቅርቡ፣ ኋላም ሩቁ ሲደበዝዝበት ሞራ የያዘው ይመስለዋል። ያለ ምርመራ በየመንገዱ የሚሸጠው መነጽር ለተራ ፕሬስባዮፒያ ይበጃል፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ስለዚህ መናቅ የለበትም። የሁለቱም መስታወት ኃይል እኩል ስለሆነ ግን ዓይኖቹ ለሚለያዩ ሰው አይስማማም። በተጨማሪም አጭር ዓይን ከፊት በኩል ጠባብ ስለሆነ ግላኮማ በድንገት የሚዘጋበት ዓይነት ነው። ዕድሜው የገፋ ሃይፐሮፒያ ያለበት ሰው የብሌን ማስፊያ ጠብታ ከመደረጉ በፊት የዓይኑ የፊት ክፍል ጥልቀት ይታያል። በድንገት ዓይኑ ቀልቶ፣ በኃይል አሞት፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት እያየ የሚመጣ ከሆነም ጉዳዩ የመነጽር አይደለም፤ አስቸኳይ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ መነጽሩ ከተሰጠ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ትክክለኛ መነጽሮች ሳጥን ውስጥ የሚቀሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ለዓመታት ሲጨማደድ የኖረ ጡንቻ በአንድ ቀን አይፈታም፤ ስለዚህ ልጁ መነጽሩን ያደረገ ዕለት ሩቁ ደበዘዘብኝ ይላል። ወላጅም «ያለ መነጽር ደህና ያይ ነበር፤ ይኸው አበላሹት» ብሎ ያወልቅለታል። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በመነጽሩ ዓይኑ የተቃናለት ልጅ ማታ ሲያወልቀው ዓይኑ ከቀድሞው ይልቅ የሚንሸዋረር ይመስላል፤ ቀን ሙሉ ቀጥ ብሎ የዋለ ዓይን ሲዞር ጎልቶ ይታያልና። እናቲቱ መነጽሩ ልጇን እንዳንሻወረረው ታምናለች። ሁለቱም እንደሚሆኑ መነጽሩ በሚሰጥበት ዕለት፣ ገና ሳይሆኑ፣ አባትና እናት ባሉበት መነገር አለባቸው። ከተቻለም ልጁ እዚያው መነጽሩን አድርጎና አውልቆ፣ ዓይኑ ሲቃናና ሲዞር በገዛ ዓይናቸው እንዲያዩት ይደረጋል። ለትንንሾቹ ከጆሮ በስተኋላ የሚታሰር ላስቲክ ይበጃል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ልጁ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ በዚያም ቀን ለልጁ የሚቀርብለት ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍም ጭምር ነው።